«አብራ በልታለች» ለተባለችው እህቴ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስምሽንም ሰፈርሽንም አላነሳም። አንባቢ እንዲከተለን ግን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ባልሽ «ከዱባይ መኪና አስመጣለሁ፣ በወር ከመቶ 10 ትርፍ እሰጣችኋለሁ» እያለ ከዘመድና ከጎረቤት ገንዘብ ሰበሰበ። የመጣ መኪና የለም። ቀድመው ለገቡት «ትርፍ» ብሎ የሚሰጣቸው ኋላ የገቡት ያመጡትን ገንዘብ ነበር። አሁን ታስሮ ፍርድ ይጠብቃል። ከተጎዱት መካከል የእናትሽ ታናሽ እህት አለችበት። ቤይሩት 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። 600,000 ብር ሰጥታዋለች። ያገናኘሻቸው ደግሞ አንቺ ነሽ።

እናትሽ «ፍቺውና ገላግይን» ይሉሻል። አማትሽ «በክፉ ቀን ልትከጂው ነው ወይ?» ይሉሻል። ሰፈሩ «አብራ በልታለች» ብሎ ፈርዶብሻል፤ ቡና የሚጠራሽ ጠፍቷል። የ7 ዓመት ልጅሽ አባቷ ውጭ አገር የሄደ ይመስላታል። አንቺም «ከማን ጎን ልቁም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። «አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ይሄን እንደ ዋዛ አላልፈውም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው በአፍሽ ንገሪው። ለእህትሽ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ ለምታምኛት ጓደኛሽ። እንዲህ ያለውን ሌሊት ብቻሽን አትደሪው። ሐኪምም ጋ ሂጂ። ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሄደች ቢልሽ ይበል። የታመመ ይታከማል፣ አንቺም ታመሻል። ይሄ ዛሬ የሚሆን ነው። የቀረው ነገ ይደርሳል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«አብራ በልታለች» የሚለው ቃል ያቃጠለሽ ስለማታውቂ ነው። አምንሻለሁ። ሚስት ባሏን በየማታው ደረሰኝ አምጣ እያለች አትኖርም። «ሥራው ጥሩ ነው» አለሽ፣ ተመስገን አልሽ። ግን እህቴ፣ የሚከብድ ነገር ልንገርሽ። ቃሉ ግማሹ እውነት ነው። አላወቅሽም፤ በልተሻል ግን። አምና የተቀየረው ሶፋ፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለፋሲካ ለእናትሽ የገዛሽላቸው ፍሪጅ ከዚያው ገንዘብ ነው የወጣው። አክስትሽ የሰው ወለል እየወለወለች ያጠራቀመችው ነው። ይሄ ወንጀለኛ አያደርግሽም። ግን እስከ ዛሬ ጉልበትሽን ሁሉ «አላወቅሁም» በማለት ጨርሰሻል። አክስትሽ ደግሞ ማወቅሽና አለማወቅሽ አልጠገናትም።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቤተሰብ ትዝ አለኝ። ታሪካቸው ካንቺ ኑሮ በጣም ይርቃል፤ ግን ስለምትጠይቂኝ ነገር ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ኒው ዮርክ ውስጥ በርናርድ ማዶፍ የሚባል ሰው ነበር። የናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ሊቀመንበር ሆኖ ያውቃል። ሰው ገንዘቡን እንዲቀበለው ደጅ ይጠናው ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2008 ሁለቱ ልጆቹ፣ ማርክና አንድሩ፣ አባታቸው ቤት ተቀምጠው ጉዱን ከራሱ አፍ ሰሙ። ለደንበኞቹ በወረቀት ላይ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አላችሁ ሲላቸው ኖሯል። ገንዘቡ ግን የትም አልዋለም። ልክ እንደ ባልሽ፣ ካንዱ ተቀብሎ ለሌላው ይከፍል ነበር። ልጆቹ ከዚያ ቤት ወጥተው ጠበቃ ጋ ሄዱ፣ በጠበቃውም በኩል ለመንግሥት አሳወቁ። በማግስቱ ጠዋት አባታቸው ታሰረ።

ሰው አመሰገናቸው? የለም። ልጆቹ የሚሠሩት እዚያው ሕንጻ 19ኛ ፎቅ ላይ ነው። ማጭበርበሩ የሚካሄደው 17ኛ ፎቅ ላይ ነበር። «በሁለት ፎቅ ልዩነት እንዴት ሳያውቁ ይቀራሉ?» ተባለ። አንዳቸውም አልተከሰሱም። ወሬው ግን አልቆመም። ማርክ አባቱ በታሰረ ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ራሱን አጠፋ። አንድሩ በ2014 በካንሰር ሞተ።

እናታቸው ሩት ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዘች። ከልጅነቷ የምታውቀው፣ 50 ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ትዳሯ ነውና ከባሏ ጋር ቀረች። ልጆቿ በዚህ ተቆጥተው አኮረፏት። ዓመታት ጸጉሯን የሠራላት ሳሎን እንኳ አትምጪብን አላት። ማርክ ከሞተ በኋላ ከባሏ ጋር መገናኘት አቆመች። ያኔ ግን ልጅዋ አልፏል።

አየሽ፣ አሳልፎ የሰጠውም ተፈርዶበታል። አብራ የቀረችውም ተፈርዶባታል። ስለዚህ የሰፈሩን አፍ አይተሽ ጎን አትምረጪ። ብትፈቺው «ገንዘቡ ሲያልቅ ጣለችው» ይሉሻል። ባትፈቺው «ምን ደብቃ ነው» ይሉሻል። ሰው እንዲህ የሚለው ክፉ ሆኖ ብቻ አይመስለኝም። አብራው የተኛች ሚስት ከተታለለች ማንም ሊታለል ይችላል ማለት ነው፤ ይሄን ማመን ያስፈራል። «ታውቅ ነበር» ማለት ይቀላል። ገንዘቡን የተበላ ሰው ሲለው ደግሞ ቁጣ ነው፣ ቁጣውም ይገባዋል።

ፍርዱን ከውስጥ ስለማውቀው ነው ይሄን የምልሽ። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የእቁብ ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው ብሩን ይዞ ጠፋ። እናቴ ሦስት ወር ከፍላ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ሚስትየው ልጆቿን ይዛ እዚያው ቀረች። ልቅሶ ቤት ስትመጣ እንደ ሌላው ሴት ሽንኩርት ልትከትፍ ትቀመጣለች፤ ቢላ የሚያቀብላት የለም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጥና ትሄዳለች። አንድ ቀን ቤታችን መጣች። በመሐረብ የተቋጠረ 40 ብር አውጥታ «ይሄ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው፣ ጠጅ ሸጬ ነው» አለች። እናቴ ብሩን ተቀበለቻት። ቡና ግን አላፈላችላትም። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አላፈላችላትም። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ያን ጊዜ ግን ደግ አልነበረችም። ሴትየዋ ግን በየጥቂት ወሩ መምጣቷን አልተወችም። ምን አስባ እንደሆነ ሳልጠይቃት አደግኩ፤ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ። ባለፈው ልትጠይቂው ስትሄጂ ባልሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጓደኛዬ ጋ የተቀመጠ ትንሽ ብር አለ፣ ተቀበይውና ለልጅቷ ትምህርት ቤት ክፈይበት» አለሽ። አንቺም «ለልጅ ከሆነ ችግር አለው ወይ?» ብለሻል።

አለው። እንዳትነኪው።

ማዶፍና ሩት፣ ሰውየው በዋስ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ንብረቱ እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ ሳለ፣ የእጅ ሰዓትና ጌጣጌጥ በፖስታ ለልጆቻቸውና ለዘመድ ላኩ። ዋጋው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሩት በኋላ ስትናገር በዚያ ሰሞን ሁለቱም ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር፣ ዕቃውንም መታሰቢያ ይሁን ብለው እንደላኩት ገልጻለች። ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ፖስታው ሲደርሳቸው አላስቀሩትም፤ በጠበቃቸው በኩል ለመንግሥት አሳወቁ። ቢያስቀሩት ኖሮ «አናውቅም ነበር» ያሉት ሁሉ በዚያች ቀን ባዶ ይሆን ነበር።

ያንቺም እንደዚያው ነው። እስከ ዛሬ የበላሽው ሳታውቂ ነው። ከዛሬ በኋላ የምትቀበዪው አንድ ብር ግን አውቀሽ ነው። ያ ገንዘብ የልጅሽ ትምህርት ቤት አይደለም፣ የአክስትሽ ነው፣ ወይም የሌላ ሰው አክስት። ከወንጀል የመጣ ገንዘብ መሆኑን እያወቁ መቀበልና መደበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ነገ ልጅሽ እናትም አባትም ታስረውባት እንዳታድር።

ለባልሽ ፊት ለፊት «አልቀበልም፤ ያለበትን ቦታ ለመርማሪው ተናገር» በዪው። ይቆጣሻል። «ለኛ ብዬ ነው» ይልሻል። ይሄ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ከዚህ በኋላ ቤተሰቡም ሌላ ሌላ ይዞልሽ ይመጣል። «ቤቱን በእገሌ ስም አዙሪው»፣ «ይሄን ሰነድ ፈርሚ»፣ «ሽማግሌ ልከን ሰዎቹ ክሱን እንዲተዉ ለምኚልን»። ባልሽ ራሱ የሰዎቹን ገንዘብ አስቆጥሮ መመለስ ሳይጀምር አንቺ ሽማግሌ ይዘሽ አትሂጂ። ተበዳዩን ሁለት ጊዜ ማስጨነቅ ነው።

ሕጉን በጠበቃ አጣሪ። እኔ አጠቃላዩን ብቻ ልበልሽ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 70፣ አንደኛው ተጋቢ ያመጣው ዕዳ ከራሱ የግል ንብረት፣ እሱ ካልበቃ ደግሞ ከጋራ ንብረት ሊከፈል ይችላል ይላል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ ግን የሁለታችሁ ይሆናል፣ ያንቺም የግል ንብረት ሊነካ ይችላል። የትኛው እንደሚመለከትሽ ጉዳይሽን አይቶ የሚነግርሽ ባለሙያ ነው። ምንም ነገር ከመሸጥሽ፣ ስም ከማዞርሽ፣ የፍቺ ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የጠበቃ መክፈያ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የባልሽ ጠበቃ ያንቺ ጠበቃ አይደለም፣ ይሄን አትርሺ።

ከባልሽ ጋር ትቀጥዪ ወይ? ፍቺ ወይም አትፍቺ አልልሽም። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነሽ የምትወስኚው ውሳኔ የእናትሽ ወይ የአማትሽ ይሆናል፣ ያንቺ አይሆንም። ወራት ይለፉ። እስከዚያ ስንቁን አድርሺለት። ስንቅ ማድረስ ሰውየውን መደገፍ አይደለም፤ የታሰረ ሰው ይበላል። ደብዳቤሽ ላይ በር ላይ ያለው ጠባቂ ክዳኑን አስከፍቶ «ቅመሺ» ሲልሽ፣ ከኋላሽ የተሰለፉት ሰዎች ሲያዩሽ፣ ጉርሻው ጉሮሮሽ ላይ እንደሚቀር ጽፈሻል። ይገባኛል። ግን ምግቡ ባንቺ ደሞዝ የተሠራ ነው። ቀና ብለሽ ቅመሺው።

ስንቁን እየወሰድሽለት ውሸቱን ግን አታድርሺለት። ሰዎች ሲጠይቁሽ «ሠራተኞቹ ከድተውት ነው»፣ «ገበያው ተበላሽቶበት ነው» አትበዪ። መኪና አልነበረም። «ሰዎቹን አታሏል፣ አዝናለሁ» ብሎ ማቆም ይቻላል። ማዶፍ ላይ የ150 ዓመት እስር የፈረደው ዳኛ ዴኒ ቺን፣ ስለ ሰውየው መልካምነት ከቤተሰብም ከጓደኛም አንድ ደብዳቤ እንኳ እንዳልደረሰው ችሎት ላይ ተናግሯል። ይሄን ሳነብ ለሰውየው አላዘንኩም። ለቤተሰቡ ነው ያዘንኩት። የሚጽፉት አጥተው አይመስለኝም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ሰው የትኛው እንደነበረ ጠፍቷቸው ይመስለኛል። አንቺም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ጥምቀት ያዞራት ሰውና አክስትሽን ዓይኗን እያየ ያታለላት ሰው አንድ ናቸው። ለአንዱ ለማዘን ሌላውን መካድ የለብሽም።

ልጅሽን በተመለከተ፣ «ውጭ አገር ሄዷል» የሚለው ነገር ይብቃ። 7 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ነገ ይነግራታል፣ ነግሯትም ሊሆን ይችላል። የማርክ ሚስት የራሷንና የልጆቿን የቤተሰብ ስም እንዲቀየርላት ለፍርድ ቤት አመልክታ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ቀላል አይደለም። ልጅሽ ስሟ ሲጠራ የአባቷ ስም ይከተላል፤ በየክፍሉ፣ በየሰርተፍኬቱ፣ እስክታረጅ። ስለዚህ ያ ስም ምን እንዳደረገ ካንቺ ትስማ። «አባትሽ ሰዎች አምነው የሰጡትን ገንዘብ ወሰደ። ይሄ ስህተት ነው። ስለዚህ ታስሯል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እሱም ይወድሻል።» ከዚህ አይበልጥም። ታለቅሳለች። ሌላ ቀን ደግሞ ትጠይቅሻለች፣ ያኔም እውነቱን ትነግሪያታለሽ።

አሁን አክስትሽ።

ሩት ማዶፍ ከመንግሥት ጋር ተስማምታ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ንብረት ላይ የነበራትን ጥያቄ ተወች፣ 2.5 ሚሊዮን ቀረላት። ስለዚህ ብዙ ተብሏል፣ አንዳንዱ በዛላት፣ አንዳንዱ ይገባታል ብሏል። እኔ ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ከኒው ዮርክ ስትወጣ ፍሎሪዳ ውስጥ የተጠጋችው እህቷ ቤት ነበር። እህቷና የእህቷ ባል ደግሞ ራሳቸው ገንዘባቸውን በማዶፍ የተበሉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ቤት ማዕድ ላይ ምን እንደተባለ አላውቅም። በር ግን ተከፍቶላታል። ላንቺም ይከፈታል ብዬ ቃል አልገባልሽም።

ቢሆንም ሂጂ። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ትደውልልኛለች ብለሽ ጠብቀሻል። እሷ አትደውልም። ደዋዩ አንቺ ነሽ፣ ያገናኘሻቸው አንቺ ነሽና።

ከመሄድሽ በፊት ቁጥሩን በወረቀት ጻፊ። 600,000 ሰጥታለች። ሁለት ወር «ትርፍ» ተብሎ በድምሩ 120,000 ተሰጥቷታል። የቀረው 480,000 ነው። ካንቺ የጽሕፈት ሥራ ደሞዝ በወር 2,000 ብር ማውጣት እንደምትችዪ ነግረሽኛል። 20 ዓመት ይፈጃል። ይሄን ቁጥር አትደብቂያት፣ አታሳንሺውም። «ባሌ ሲፈታ ይከፍልሻል» የሚል ተስፋ ደግሞ በጭራሽ አትስጫት፤ በተስፋ ነው የተበላችው። ጠበቃዋ ወይም መርማሪው ሌላ መንገድ ካለ ይነግራታል፤ አንቺ ማስረጃ ካለሽ፣ የስልክ መልእክትም ይሁን የባንክ ወረቀት፣ ስጫት። ከምንም በላይ ይሄ ይጠቅማታል።

ይቅርታ ጠይቂያት እንጂ ይቅር በዪኝ ብለሽ አታስጨንቂያት። «እኔ አገናኘሁሽ፣ ጥፋቴ ነው» በዪና ዝም በዪ። «እኔም ተጎድቻለሁ» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ እውነት ቢሆንም የሷ ጆሮ የሚችለው አይደለም። ምናልባት ትሰድብሻለች። ምናልባት እናትሽን ጨምራ ትሰድባለች። ቁጭ ብለሽ ስሚያት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት አትጠፋም ብለሻል። ያኔ ሂጂ። ልጅሽን ይዘሽ አትሂጂ፤ ልጅ ፊት መቆጣት አትችልም። ፍራፍሬም ምንም ይዘሽ አትሂጂ። ወረቀቱንና የመጀመሪያውን 2,000 ብር ብቻ ያዢ። ካላስገባችሽ በሩ ላይ ስጫትና ተመለሺ። ካልተቀበለችሽ በስሟ የባንክ ሒሳብ አስገቢላትና ደረሰኙን በስልክ ላኪላት። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ።

ከሄድሽ በኋላ ጻፊልኝ፤ አክስትሽ ምን እንዳለችሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።